ጽጌረዳሽ አልዘገየችም

የዛሬው ደብዳቤ ከኮተቤ የመጣ ነው። በጥቂቱ አሳጥሬዋለሁ።

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ግቢያችን ውስጥ እናቴ የተከለቻት ቀይ ጽጌረዳ አለች። እናቴ በሕይወት እያለች ጽጌረዳዋ በጥቅምት ታብብና እስከ ኅዳር ጽዮን ትቆይ ነበር። ለዝክሩ ጠረጴዛ ላይ የምናስቀምጠው ከእሷ ቆርጠን ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ግን በጊዜዋ አብባ አታውቅም። ዘንድሮ ለመስቀል ግቢውን ስናጸዳ በደንብ ከረከምኳት። ወንድሜ ከገጠር ዩሪያ አምጥቶልኝ በየሁለት ሳምንቱ አንድ አንድ እፍኝ ሰጠኋት። ቅጠሏ ያምራል፣ ቁመቷም ጨምሯል። ይኸው ኅዳር ገባ፣ አንድም አበባ የለም። ያሉት ጥቂት እምቡጦች ከሽምብራ አይበልጡም። እነሱንም አረንጓዴ ጥቃቅን ነፍሳት ወርረዋቸዋል። ቅጠሉ እጅ ላይ ያጣብቃል፤ የታችኛው ጥላሸት የተቀባ መስሏል። ጉንዳን ይመላለስባታል። ጎረቤቴ በሃይላንድ የተቀዳ መድኃኒት ሰጥታኝ ሁለት ጊዜ ረጨሁ። ሳምንት ያህል ጠፍተው ብሰው መጡ። ሥሯ ያለው ጤና አዳም ግን ምንም አልሆነም። አምና ሌባ ስለበዛ ግድግዳው ላይ ያሰቀልነው ሶላር ሲነጋ ነው የሚጠፋው፤ በሌሊት ወጥቼ ሳይ ነፍሳቱ እዚያው ናቸው። በዚያ ላይ በሩ አጠገብ ያለው የገና አበባችን አምና ሳይቀላ ቀረ። ዘንድሮም አረንጓዴ ነው። ባለቤቴ ‹ነቅለን ሎሚ እንትከልበት› እያለኝ ነው። ምን ትመክሪኛለሽ?»

እህቴ፣ የእናትሽን ነፍስ ይማርልሽ። እናት የተከለችው ነገር ዓይን ፊት ሲደክም ማየት ከባድ ነው፤ ስለዚህ የሚያረጋጋሽን አስቀድሜ ልንገርሽ። ጽጌረዳሽ አላረጀችም። የማይድን በሽታም የለባትም። የዘገየች መስሎሽ ነው እንጂ አልዘገየችም። መልሱ ሁሉ ራስሽ በጻፍሽው ደብዳቤ ውስጥ አለ፦ የከረከምሽበት ጊዜ፣ ዩሪያው፣ የሃይላንዱ መድኃኒት፣ ስለ ሌላ ነገር ስታወሪ ያነሳሽው የሶላር መብራት። ለግቢሽ አዲስ ነገር ከምትጨምሪለት ይልቅ የምታቆሚለት ይበልጣል።

ቀኑን አብረን እንቁጠር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናት፤ የኮተቤን ብርድ ደግሞ አንቺው ታውቂዋለሽ። እንዲህ ባለ ቦታ ጽጌረዳ ከተከረከመች በኋላ ቀንበጥ አውጥታ፣ እምቡጥ ቋጥራ፣ እስክትፈነዳ ከሁለት ወር በላይ ይፈጅባታል። 70 ቀን ብለሽ ያዢው። አየሩ ሲሞቅ ትንሽ ያጥራል፣ ሲበርድ ይረዝማል። አንቺ የከረከምሻት ለመስቀል ጽዳት ነው፤ መስከረም 15 እንበል። ከዚያ 70 ቀን ስትቆጥሪ ኅዳር 25 ላይ ትደርሻለሽ። አሁን ገና ኅዳር መግባቱ ነው፣ እምቡጡም ሽምብራ አክሏል። በቀጠሮዋ እየሄደች ነው ማለት ነው።

በጥቅምት አበባ ታይ የነበረችው እናትሽ በነሐሴ ትከረክም ነበር ብዬ ነው የማስበው። ምናልባት ለቡሄ ሰሞን። ከነሐሴ 13 ተነሺና ጳጉሜን ጨምረሽ 70 ቀን ቁጠሪ፤ ጥቅምት 18 ይመጣልሻል። ጽጌረዳ ደግሞ በአንድ ቀን ሁሉንም አትከፍትም። አንዱ ሲረግፍ ሌላው እየተተካ እስከ ኅዳር ጽዮን ሊያደርስሽ ይችላል። ከእናትሽ ጋር ግቢ ውስጥ ሲሠራ የነበረ ዘመድ ወይም ጎረቤት ካለ ጠይቂ። መቀሱን መቼ እንደምታነሳ የሚያስታውስ አይጠፋም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ለዘንድሮው ኅዳር 21 አትጠብቂያት። አንድ ሁለት እምቡጥ ብትቀድም እሰየው። ዋናውን አበባዋን የምታይው ታኅሣሥ ሲገባ ነው። አሁን ተናደሽ ወይም ትፍጠን ብለሽ መቀስ እንዳታነሺ። ዛሬ ብትከረክሚያት ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል፣ እስከ ጥር አጋማሽም አበባ አታይም።

ጫፋቸው ላይ ምንም እምቡጥ ያልቋጠሩ ረጃጅም ቀንበጦችን ግን መንካት ትችያለሽ። እንዲህ ያሉት ብርሃን ሲያንሳቸው ወይም ብርዱ ሲጸናባቸው ዝም ብለው ይቀራሉ። ከጫፉ ወደ ታች እየወረድሽ ቅጠሎቹን ቁጠሪ። ላይኛዎቹ ሦስት ሦስት ቅጠል ያላቸው ናቸው። ትንሽ ስትወርጂ በአንድ ዘንግ ላይ አምስት ቅጠል የያዘ ታገኛለሽ። የዘንጉ ብብት ውስጥ ቀላ ያለች፣ የስንዴ ቅንጣት የምታክል አንጓ አለች። ወደ ውጭ የምታይ አንጓ ያለችበትን ምረጪ። ከእሷ ከግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብለሽ ገደድ አድርገሽ ቁረጪ። አዲሱ ቀንበጥ ከእሷ ይወጣል። አበባዋ ሲረግፍም በዚሁ መንገድ ቁረጪ፤ ደርቆ እዚያው አይቆይ። ሲደርቅ ፍሬ ወደ መቋጠር ትሄዳለች፣ ለሚቀጥለው አበባ የሚሆነው ጉልበትም በዚያ ያልቃል።

አሁን ወደ ዩሪያው። ወንድምሽ በቅንነት ነው ያመጣልሽ፤ አስቢበት ግን፦ ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጂን ነው። ለጤፍና ለበቆሎ ማሳ የሚበተን ነገር ነው። በየሁለት ሳምንቱ አንድ እፍኝ ለአንዲት ጽጌረዳ ከመጠን በላይ ነው። ናይትሮጂን ቅጠልና ቁመት ይሰጣል። «ቅጠሏ ያምራል፣ ቁመቷም ጨምሯል» ያልሽው ይኸው ነው። ተክሉ ግን ምግብ ሲትረፈረፍበት ማደግ እንጂ ማበብ አይታየውም። አዲሱ ቀንበጥም ለስላሳና ጭማቂ የሞላበት ይሆናል። እምቡጥሽን የወረሩት አረንጓዴ ነፍሳት የሚፈልጉት ደግሞ እንዲህ ያለውን ለጋ ነገር ነው።

የአበባው ማነስና የተባዩ መብዛት እንግዲህ አንድ ምክንያት አላቸው። ተባዩን ብቻ እየገደልሽ ዩሪያውን ከቀጠልሽ ግብዣው አላበቃም፤ አዲስ እንግዳ ይመጣል።

ስለዚህ ዩሪያውን አቁሚ። ቀንሺ አላልኩሽም፣ አቁሚ። ቢያንስ እስከ ሚያዝያ ምንም የፋብሪካ ማዳበሪያ አትስጫት። ሥሯ አካባቢ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ሁለት ጣት ያህል አልብሻት፤ ግንዱን ግን እንዳይነካ። የማገዶ አመድ ካለሽ ወር ቆይተሽ አንድ እፍኝ በትኚላት። አመድ ፖታሲየም አለው፣ ለአበባና ለግንድ ጥንካሬ ይረዳል። ከዩሪያ ጋር በአንድ ጊዜ ግን አይሆንም፤ ናይትሮጂኑ የሚሸት ጋዝ ሆኖ ተንኖ ይባክናል። ብዙዎች የቡና አተላ ጽጌረዳ ሥር ሲደፉ አያለሁ። ከሌላው ብስባሽ ጋር ተደባልቆ ሲበሰብስ ጥሩ ነው። በየቀኑ እንደወረደ ሲደፋ ግን አፈሩ ላይ ይጋገርና ውኃ አያሳልፍም።

አጥር ጥግና ተራራ ላይ የሚበቅለውን ቀጋ አይተሽው ታውቂያለሽ? እሱም ጽጌረዳ ነው፣ የአገራችን የዱር ጽጌረዳ። ማንም ዩሪያ አይሰጠውም። ነጭ አበባውን ያብባል፣ ልጆች የሚለቅሙትን ቀይ ፍሬም ያፈራል። የግቢ ጽጌረዳ ከእሱ ይልቅ እንክብካቤ ትፈልጋለች፤ የምንሰጣትን ያህል ግን አትፈልግም።

ነፍሳቱን እንያቸው። ክሽክሽ ይባላሉ። አፋቸውን እንደ መርፌ ቀንበጡ ውስጥ ሰክተው ፈሳሹን ይመጥጣሉ። ጣፋጩ ስለሚበዛባቸው የተረፈውን በኋላቸው ይለቁታል። እጅሽ ላይ ያጣበቀሽ እሱ ነው። በዚያ ጣፋጭ ላይ ጥቁር ሻጋታ ይበቅላል፤ ጥላሸት ያልሽው ይህን ነው። ለማረጋገጥ ጠቆር ያለውን ቅጠል በእርጥብ ጣትሽ እሺው። ከለቀቀ ሻጋታው ነው፣ ክሽክሹ ሲጠፋ እሱም ይጠፋል። ካልለቀቀ፣ ዙሪያው ቢጫ የሆነ ክብ ጥቁር ነጠብጣብ ከሆነ ግን ሌላ በሽታ ነው። ያንን ቅጠል ለቅመሽ ከግቢ አውጪው፤ ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሪው።

ጉንዳኑም በከንቱ አይመላለስም። ያንን ጣፋጭ ይልሳል፣ በምላሹም ክሽክሹን ከጠላቶቹ ይጠብቃል። ጉንዳኑ ካልተከለከለ ልፋትሽ ግማሹ ውኃ ይበላዋል። ዘዴው ቀላል ነው። ከፌስታል አራት ጣት የሚሰፋ ቁራጭ ቆርጠሽ ግንዱ ላይ አጥብቀሽ ጠምጥሚና ከላይ ከታች በክር እሰሪው። ፌስታሉ ላይ ግራሶ ቀቢበት። ቆዳዋ ላይ በቀጥታ አትቀቢ፣ ግንዱን ይጎዳዋል። ከዚያ ግድግዳ ወይም አጥር የነካ ቅርንጫፍ ካለ መልሰሽ እሰሪው። ጉንዳን ታች ሲዘጋበት በዚያ በኩል ድልድይ ያገኛል። ፌስታሉንም በየጥቂት ሳምንቱ ፈትተሽ እዪው፤ ግንዱን እንዳያንቀው።

አሁን የምለምንሽ ነገር አለ። ነገ ጠዋት ምንም ሳትረጪ ወንበር ይዘሽ ጽጌረዳዋ አጠገብ ተቀመጪ። ክሽክሽ የበዛበትን አንድ ቀንበጥ ያዢና ወደ ላይ ገልብጠሽ እዪው። ከአረንጓዴዎቹ መካከል ቡናማ የሆነ፣ ሆዱ የተነፋና የማይንቀሳቀስ ካገኘሽ ጀርባው ላይ ክብ ቀዳዳ እንዳለ ተመልከቺ። ያ የሞተ ክሽክሽ ነው። ዓይን በግድ የምታያት ትንሽ ተርብ ውስጡ እንቁላል ጥላበት፣ ልጇ ሥጋውን በልታ፣ ቀዳዳውን በስታ የወጣችበት ነው። ቀይ ክንፏ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ጥንዚዛ ሁሉም ያውቃታል። ልጇን ግን የሚያውቃት ጥቂት ነው። ጠቆር ያለች፣ ጎኗ ላይ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ያለባት፣ ስድስት እግሯን ዘርግታ የምትሄድ ናት፤ ሲያይዋት ትንሽ አዞ ትመስላለች። መልኳ ስለሚያስጠላ ሰው ትል ናት ብሎ ይጨፈልቃታል። እሷ ግን ጥንዚዛ እስክትሆን ድረስ በመቶዎች የሚቆጠር ክሽክሽ ትበላለች። ካገኘሻት እባክሽ አትንኪያት።

የሃይላንዱ መድኃኒት የጎዳሽም እዚህ ላይ ነው። ክሽክሽ ወንድ ሳያስፈልጋት በቀን ብዙ ልጅ ትወልዳለች። የምትወልደው ነፍስ ያለውን ልጅ ነው፤ እሱም አየሩ ሞቅ ሲል በሳምንት አካባቢ ራሱ ወላጅ ይሆናል። ጥንዚዛዋና ተርቧ ይህን ያህል አይፈጥኑም። መርዙ ሁሉንም ሲገድል መጀመሪያ የሚያንሠራራው ክሽክሹ ነው። የሚበላውም ስለሌለ ብሶ ይመጣል። ሆለታና ዝዋይ ካሉ የጽጌረዳ እርሻዎች ቀይ ሸረሪት የሚባለውን ተባይ የሚበሉ ሌሎች ጥቃቅን ነፍሳትን በገንዘብ ገዝተው አበባው በሚያድግበት የፕላስቲክ ቤት ውስጥ የሚለቁ አሉ። እነሱ የሚገዙት ዓይነት እርዳታ አንቺ ግቢ በነፃ ይመጣል። አትግደይው።

ከዚህ ይልቅ ያስደነገጠኝ ግን ጠርሙሱ ነው። ስሙ የማይታወቅ መድኃኒት መጠኑም አይታወቅም፣ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን እንደሚቆይም አይታወቅም። በዚያ ላይ የውኃ መጠጫ ጠርሙስ ውስጥ ነው ያለው። ልጅ ወይም እንግዳ ውኃ መስሎት ቢጎነጨውስ? ዛሬውኑ፣ ይህን አንብበሽ ሳትነሺ፣ ጠርሙሱ ላይ «መርዝ» ብለሽ በትልቁ ጻፊበት። ቆልፈሽ ልጅ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጪው። ቦይ ውስጥ ወይም መጸዳጃ ቤት አትድፊው፤ ወንዝ ይገባል። ወረዳችሁ ያለውን የከተማ ግብርና ባለሙያ አማክሪና እንዴት እንደሚወገድ ጠይቂ። ጠርሙሱን አጥቦ ለሌላ ነገር መጠቀም ፈጽሞ አይሆንም። ከረጨሽ በኋላ ራስ ምታት፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽ ወይም የምራቅ መብዛት ከተሰማሽ ጠርሙሱን ይዘሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ጎረቤትሽንም በፍቅር ንገሪያት፤ እሷም ቤት ልጆች ይኖራሉ።

ጤና አዳሙን «ምንም አልሆነም» ብለሻል። ተክሉ ምንም አልሆነ ይሆናል፣ የተረጨው ግን ላዩ ላይ አርፏል። አንዳንድ መድኃኒት ደግሞ ውስጡ ይገባል፤ ታጥቦ አይለቅም። ምን እንደሆነ ያላወቅሽው ነገር ያረፈበትን ቅጠል ቡና ላይ ጣል አድርገሽ ለእንግዳ ማቅረብ የለብሽም። ሳታመነቺ ንቀይው። ጤና አዳም በቀላሉ የሚገኝ ነገር ነው፤ አዲስ ችግኝ ከጽጌረዳዋ ራቅ አድርገሽ ትከዪ።

ክሽክሹን ታዲያ በምን? በእጅሽና በውኃ። እምቡጥ ላይ ያሉትን በሁለት ጣትሽ ከታች ወደ ላይ እየጠረግሽ ጨፍልቂያቸው። የሚቀፍሽ ከሆነ ጓንት አድርጊ። ውኃ በቧንቧ ግፊት የሚመጣ ከሆነ ጠዋት በጎማ መትተሽ አውርጃቸው። አንዴ ከወደቁ አብዛኞቹ መልሰው አይወጡም። ውኃ በፈረቃ ከሆነም ችግር የለም፤ አንድ ጆግ ውኃና ቀለም መቀቢያ ብሩሽ ይበቃል። በሦስት በሦስት ቀን እየደጋገምሽ ለሁለት ሳምንት ሥሪ። ለአንዲት ጽጌረዳ ከዚህ በላይ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም።

በዚህ ካልቀነሱ ሳሙና ጨምሪ። በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በቂ ነው። ኦሞና በረኪና አይሞከርም፤ ቅጠሉን ያቃጥላል። ላርጎም ቢሆን እንደየዓይነቱ ይለያያል፣ ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ሞክሪና እስከ ማግስቱ ጠብቂ። ቅጠሉ ካልጠወለገና ካልነደደ ቀጥዪ። ሳሙና የሚገድለው የነካውን ብቻ ነው፣ ያውም እርጥብ ሳለ። ከላይ ብቻ ረጭተሽ ብትሄጂ ትርጉም የለውም፤ የቅጠሉን ሆድ አርሺው። ፀሐይ ሳይጠነክር ጠዋት ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ርጪ። በአምስተኛው ቀን ድገሚው። ያቺ የጥንዚዛ ልጅ ያለችበትን ቀንበጥ ግን እለፊው፤ ሳሙናው እሷንም ይገድላታል።

በጋው ሲገፋ ሌላ እንግዳ ሊመጣብሽ ይችላል። ቅጠሉ አቧራ የነካው መስሎ ከደበዘዘና ጥቃቅን ቢጫ ነጥብ ካወጣ ነጭ ወረቀት ከሥሩ ያዢና ቅጠሉን ምቺው። ወረቀቱ ላይ የሚንቀሳቀስ የበርበሬ ቅንጣት የሚያህል ነገር ካየሽ ቀይ ሸረሪት ነው። እሱ ደረቅና አቧራማ ቦታ ይወዳል። ቅጠሉን ከሥር በኩል በውኃ ማጠብ ይቀንሰዋል። የነፍሳት መርዝ ግን እሱን ብዙም ሳይነካ ጠላቶቹን ስለሚጨርስ ያባብሰዋል።

አሁን የገና አበባው። እሱም ቢሆን ምንም አልነካውም፤ ችግሩ የሶላር መብራቱ ነው።

ይህ ተክል አገሩ ሜክሲኮ ነው። ቀይ ሆኖ የምናየው አበባው አይደለም፣ የጫፍ ቅጠሉ ነው። አበባው መካከል ላይ ያለችው ትንሽ ቢጫ ነገር ናት። ይህ ተክል ወቅቱን የሚለየው በሌሊቱ ርዝመት ነው። በሰኔ አዲስ አበባ ላይ ቀኑ 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ይረዝማል፤ በታኅሣሥ ወደ 11 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ልዩነቱ ለእኛ አይታወቀንም። ለዚህ ተክል ግን በቂ ምልክት ነው። ከመስቀል ወዲህ ሌሊቱ ሲረዝም «ጊዜው ደርሷል» ብሎ መቅላት ይጀምራል። ጨለማው ግን ሳይቋረጥ መሆን አለበት። ሌሊቱን ሙሉ መብራት ሲበራበት ለእሱ አሁንም ክረምት ነው፤ አረንጓዴ ቅጠል ያወጣል እንጂ አይቀላም። ክሪሳንተመም የሚባለውን አበባ የሚያመርቱ ሰዎች ይህንኑ ጠባይ ለጥቅማቸው ያውሉታል። ጊዜው ሳይደርስ እንዳያብብ ሲፈልጉ ሆን ብለው በሌሊት መብራት ያበሩበታል። አምና መብራቱ ተሰቀለ፣ አምና አበባው አልቀላም። ከዚህ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም።

ሌባው እውነተኛ ስጋት ነው፣ መብራቱን አጥፉ አልልሽም። ፊቱን ወደ ሌላ አዙሩት። ወይም ከቆርቆሮ ትንሽ ጋሻ ሠርታችሁ ተክሉ ባለበት በኩል ከልሉት። ሰው ሲያልፍ ብቻ የሚበራውን ዓይነት ብትቀይሩትም ለሌባም ይሻላል፣ ድንገት ሲበራበት ይደነግጣል። ድመትና ውሻ ባለፈ ቁጥር የሚበራ ከሆነ ግን ጨለማው ይቆራረጣልና ጋሻውን አትርሱ። ማታ ወጥተሽ ተክሉ ሥር ቁሚ። ጥላሽ ጥርት ብሎ የሚታይ ከሆነ ብርሃኑ አሁንም በዝቷል።

ዛሬ ብታስተካክሉት ለገና አይደርስም። ጨለማ ካገኘ በኋላ ለመቅላት ሁለት ወር ያህል ይፈልጋል። ለጥምቀት ግን መቅላት ሲጀምር ልታይው ትችያለሽ። በትንሽ ዕቃ የተተከለ ቢኖርሽ ኖሮ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ካርቶን ድፊበት እልሽ ነበር፤ ያንቺው የበር አጠገብ ዛፍ ስለሆነ ይህ አይሆንም። ከቀላና ከረገፈ በኋላ፣ መጋቢት አካባቢ፣ ቅርንጫፎቹን አሳጥሩት። ከነሐሴ ወዲህ ግን አትንኩት፤ የሚቀላውን ጫፍ ትቆርጡታላችሁ። ስትቆርጡ የሚወጣው ነጭ ወተት ቆዳ ያሳክካል፣ ዓይን ውስጥ ከገባም ያቃጥላል። ጓንት አድርጉ።

ለከርሞ ጽጌረዳዋን ለቡሄ ሰሞን ከርክሚያት። ዝናብ ያቆመበትን ጠዋት ምረጪ፣ መቀሱን በአልኮል ጥረጊ። ከቁመቷ ከሲሶ በላይ አታንሺ። የደረቀውን፣ እርስ በርሱ የሚፋተገውንና ወደ መሐል የሚያድገውን አውጪ፤ ነፋስና ፀሐይ ውስጧ ይግባ። ነሐሴ እርጥብ ነው፣ ጥቁር ነጠብጣቡ በዚህ ጊዜ ይበረታል፤ የወደቀውን ቅጠል ሁልጊዜ ጥረጊ። ለገና የሚሆን አበባም ከፈለግሽ ከቅርንጫፎቿ ሁለቱን ሦስቱን ብቻ ጥቅምት 20 አካባቢ ቁረጪ። የቀሩት ለኅዳር ጽዮን ይቆያሉ። ለፋሲካ ደግሞ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ጀምሪ፤ በዚያ ወራት ሙቀቱ ስለሚጨምር ሁለት ወር ይበቃታል።

ውኃ በበጋ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሥሯን እስኪጠግብ ስጫት። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማርከፍከፍ ሥሯን ወደ ላይ ያወጣዋል። ፀሐይም ቢያንስ ስድስት ሰዓት ያስፈልጋታል። አንዳንዴ የጎረቤት ፎቅ ወይም ያደገ ዛፍ ሳናስተውለው ብርሃኑን ይወስድብናል። እሑድ ቤት ስትሆኚ ፀሐይ ስንት ሰዓት እንደምትደርስባትና ስንት ሰዓት እንደምትለቃት አንድ ቀን ተከታተዪ።

ባለቤትሽ ስለ ሎሚው ላነሳው ደግሞ፦ ሎሚ መትከሉ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግቢው ቦታ ካለው ትከሉ። የገና አበባውን መንቀል ግን አያስፈልግም፤ ጋሻዋን ሠርቶ ይስቀልና እስከ ጥምቀት ይታገሠው። ሎሚም ቢሆን ለጋ ቅጠል ባወጣ ቁጥር ክሽክሽና ጉንዳን ይወርረዋል፤ ፌስታሉና ግራሶው ለእሱም ያስፈልጋል።